የጋሼ ቀጥታ ዓይን

ቲሸርት አታሚውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ቀጥታ» ይለዋል። ስሙን ያተረፈው ከገዛ አፉ ነው። ቲሸርቱን በሙቀት የሚያትመው ፕሬስ ላይ ያነጥፍና ጽሑፉ ያረፈበትን ወረቀት በቲሸርቱ ደረት ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ በመጨረሻም «ቀጥ!» ብሎ ያውጃል። ደንበኛ አጠገቡ ካለ ድምፁ ከፍ ይላል።

ማስመሪያ አይወድም። «ማስመሪያ ዓይን ለሌለው ሰው ነው» ይላል አፉን ሞልቶ። ሚስቱ አንድ ጊዜ ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ገዝታለት ነበር፤ ጀርባውን ሲበላው ያክበታል።

«ቀጥ!» ካለ በኋላ ደግሞ ሌላ ወግ አለው። በቆሸሸ እጅ የፕሬሱን እጀታ አልነካም ብሎ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መታጠቢያ ይሄዳል። እሱ እጁን ታጥቦ እስኪመለስ ሚስቱ ቲሸርቱ ላይ ጎንበስ ብላ ክር ትለቅማለች፤ ጨርቁ ላይ የቀረ ክር ከጽሑፉ ሥር ተቀርቅሮ እብጠት ይፈጥራልና። ጋሼ ቀጥታ ተመልሶ እጀታውን ይጫናል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ወረቀቱ ይላጣል፣ ሥራው እንከን የሌለው ሆኖ ይወጣል። የሚስቱን ድርሻ ለሰው ሲያስረዳም «እሷ ክር ትለቅምልኛለች» ይላል። ይህን ሲል ለጋስ የሆነ ይመስለዋል።

የሴት ልጁ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የሚለብሱት ቲሸርት የት ይታተም በሚል ክርክር ገጠሙ። ብዙዎቹ አደባባዩ አጠገብ ወዳለው ትልቁ ማተሚያ ቤት ልባቸው አድልቶ ነበር። ልጁ ግን ተነስታ «አባቴ ያትመዋል፤ ቢበላሽ በእኔ ይሁን» አለች። ጋሼ ቀጥታ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ደረታቸው ላይ የሚሰፍረው ጽሑፍ «ቀና ብለን ወጣን» የሚል ነበር።

«አባዬ፣ አደራ» አለችው። «ስሜን አስይዤ ነው የመጣሁት።»

«እኔ እያለሁ ደግሞ አደራ ይባላል?»

በዚያው ሰሞን የሚስቱ እህት ታመመችና ሚስቱ ልታስታምማት ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ሆነባት። ከመውጣቷ በፊት ማስመሪያውን አምጥታ ፕሬሱ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። ብብቱን ከብብቱ ጋር ገጥመህ እጠፈው፤ መሃሉ ላይ መስመር ይወጣልሃል። በስፌቱ እንዳትተማመን፣ ስፌቱ ራሱ ጠማማ ነው። ከአንገትጌው አራት ጣት ዝቅ አድርግ። ግራና ቀኙን ለካው።»

«ክሩንስ ማን ይለቅምልኛል?» አለ። ያስጨነቀው እሱ ብቻ ነበር።

ሥራው የተጀመረ ዕለት ሚስቱ ደወለች። ዘጋች፣ መልሳ ደወለች፣ ኋላ ላይ ጭራሹን አልዘጋም አለች። ጋሼ ቀጥታም ስልኩን በቀኝ ጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ ሥራውን ቀጠለ።

«ለካኸው?»

«ለካሁት።»

«ማስመሪያው የት አለ?»

«በእጄ ነው ያለው፣ ምን ሆነሻል?»

ማስመሪያው መስኮቱን ከፍቶ ይዞ ቆሟል። እሱ አንገቱን ወደ ቀኝ እንደሰበረ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና «ቀጥ!» ይላል። ሚስቱ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ጭንቀቷ ይብሳል፤ በጨነቃት ቁጥርም ወሬውን ታስረዝማለች። በእርግጥ አልዋሸም። ጽሑፉ ከጭንቅላቱ ጋር ሲተያይ ቅንጣት አልተዛነፈም። እያንዳንዱን ከነሙቀቱ አጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተና ሥራውን አስረከበ።

የምረቃው ዕለት ከወላጆች ሁሉ ፊት ቆመ። ተማሪዎቹ ቲሸርታቸውን ለብሰው ወደ ግቢው ሲወጡ ተንጋደው የሚራመዱ መሰለው። «የዛሬ ልጅ መቆም እንኳ አያውቅም» ብሎ አጠገቡ ላለችው እናት አንሾካሾከ። ከዚያ ሳያስበው አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ። ፊደሉ ሁሉ ቀጥ አለለት። ክው ብሎ ቀረ።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ አነሳ። «ይሄ ምንድነው? ጽሑፉ እኮ ቁልቁል እየወረደ ነው! ማነው ያተመው?»

ሳቅ ተጀመረ። ተማሪዎቹ ወደ ልጁ ዞሩ። ልጁ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ አባቷን ፈለገ። ጋሼ ቀጥታ ጫማውን ያይ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ።

«ሁላችሁም ወደ ቀኝ ዘንበል በሉ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ልጁ ናት። ከሁሉ ቀድማ ራሷ ዘንበል ብላለች። ሌሎቹም እየሳቁ ተከተሏት።

ፎቶው ዛሬም ቤታቸው ተሰቅሏል። ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል፤ ተማሪዎቹ ነፋስ እንደመታው በቆሎ አንድ ላይ ዘመዋል። መሃል ላይ ሱፍ ለብሰው ቀጥ ብለው የቆሙት ርዕሰ መምህር ብቻ ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባት ከልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሄድ ነበር።

«እናትሽ ናት ስልኩን አልዘጋም ያለችው» አለ በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ እኮ አንድም ቀን ተጣሞብኝ አያውቅም።»

«እስከ ዛሬማ እማዬ ነበረች።»

«እናትሽ ክር ነው የምትለቅመው።»

ልጁ ቆም ብላ አየችው። «ክር ለመልቀም ነው እንዴ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ሜትር የምትይዘው፣ አባዬ?»

እጁን ሲታጠብ የኖረበት ዘመን ሁሉ ፊቱ ላይ ተደቀነ፤ ያቺ ጎንበስ ያለች ሴት፣ ተመልሶ ሲመጣ ቀና ብላ የምታሳየው ባዶ መዳፏ። ለመሆኑ አንዲት ክር እንኳ አሳይታው ታውቃለች? ተናደደ፣ አፈረ፣ ኋላ ግን ሆዱ ባባ። ይህን ያህል ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ሚስቱ ተመልሳ ፎቶውን ስታይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምንም አልጠየቀችም፤ እሱም ምንም አልነገራት።

በማግስቱ ደንበኛ መጣ። ጋሼ ቀጥታ ቲሸርቱን አነጠፈ፣ ወረቀቱን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ደንበኛው የታወቀውን ቃል ጠበቀ። ጋሼ ቀጥታ ግን ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና ቃል ሳይተነፍስ ወደ መታጠቢያው ሄደ። ታጠበ። አንዴ የታጠበውን እጅ እንደገና ሳሙና መታው። ውሃው እየወረደ ቆየ።

«ልምጣ?» አለ ከጓሮ።

ሚስቱ ከሽርጧ ኪስ ያወጣችውን ሜትር እንደያዘች ቀና ብላ ወደ ጓሮ አየች።

«ትንሽ ቆይ» አለችው፤ «ገና ክር አለው።»