በኳንተም የወጣው የሊቀመንበርነት ዕጣ

ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያስተምረው ኳንተም ኮምፒውተር ያዘዘ ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ዕድሜዬን ጦር ኃይሎች ሰፈር ሬዲዮ ስጠግን ኖርኩ። ሱቄን ስዘጋ ልጆቼ ያርፋል ብለው ነበር፤ እኔ ግን ላፕቶፕ ገዝቼ ፕሮግራም መጻፍ ያዝኩ። ማሽኑ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ትእዛዜን ጽፌ በኢንተርኔት፣ በክላውድ እልካለሁ፣ ወረፋ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ መልሱ ይመጣልኛል። ጠዋት ጠዋት፣ ዓይኔ ሳይደክም፣ አንድ የፍለጋ አልጎሪዝም እሠራ ነበር። ከእነዚያ ጠዋቶች ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የደረጃችን ሊቀመንበር ቤት ቀይሮ ወደ ቤቴል ሲሄድ ነገር መጣ። አንድ ደረጃ የምንጋራ ስምንት አባወራዎች ነን፤ ሹመቱን የሚፈልግ ግን የለም። ሊቀመንበሩ ለአንድ ዓመት የውሃ ፓምፑን ቁልፍ ይይዛል። ውሃ በመጣ ቁጥር ወርዶ ይከፍታል፣ ታንከሩ ሲሞላ ይዘጋል፣ በመሃል የልብስ ማስጫ ጠብ ይዳኛል። ከግቢ መራቅ አይችልም። በስብሰባው ሁሉም ሰበብ ደረደረ። ዕጣ ይውጣ ሲባል ደግሞ ወረቀቱን ማን ይጠቅልል በሚለው ተጨቃጨቁ።

«እኔ በኳንተም አወጣዋለሁ፤ የሰው እጅ አይነካውም» አልኩ።

«ፋዘር፣ ማሽኑ አይሳሳትም?» አለ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የሚኒባስ ሾፌር።

«አይሳሳትም። የሚወጣውም አንዴ ብቻ ነው፤ ኋላ ይደገም የሚል እንዳይኖር።»

ሁሉም እጁን አወጣ።

ሦስት ኪዩቢት፣ ማለትም ሦስት የማሽኑ የመረጃ ቅንጣቶች፣ ይበቃል። እያንዳንዱ ሲለካ ዜሮ ወይም አንድ ይሰጣል፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስምንት ዓይነት መልስ ይሆናሉ፣ ለየቤቱ አንድ። ቁጥሩ እንደ ፕሮግራም ሰዎች ደንብ ከዜሮ ይጀምራል፤ ዜሮን የሚቀበል ግን ጠፋ።

ምድር ቤት ያሉት ሻምበል፣ «በዚህ ዕድሜዬ ዜሮ ልባል?» ብለው ተቆጡ።

«ለእኔ ይሁን» አልኩ። ቁጥር የሚያውቅ ሰው በዜሮ አያፍርም።

ደረጃው ሥር ጠረጴዛ አውጥተን ትእዛዙን ላክሁ። ወረፋው እስኪደርስ ሰዉ በላፕቶፑ ዙሪያ ቆሞ ጠበቀ። መልሱ መጣ፤ ሦስቱም ዜሮ፣ የእኔ ቁጥር።

«ማሽኑ ጌታውን አወቀ» አለ ሾፌሩ፤ ሁሉም ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። እነዚህ ማሽኖች ሲለኩ ትንሽ ያዘነብላሉ። አንድ የነበረ ኪዩቢት ሳይነበብ ወደ ዜሮ የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ዕጣው ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ዜሮ ያደላል። በዚያ ግቢ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ብናገር ነጻ እወጣለሁ፤ ነገር ግን አይሳሳትም ያልኩት ማሽን ተሳስቷል ማለት ነው። ያኔ ከወረቀት ጠቅላይ በምን እሻላለሁ?

ሻምበል ፊቴን አዩ። «የሚሉት ካለ አሁን ይበሉ።»

«ትክክል ነው» አልኩና ቁልፉን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋቶቼን ፓምፑ ወሰዳቸው። አንድ መስመር ጽፌ ሳልጨርስ ከታች «ጋሼ፣ ውሃ መጣ» ይባላል። ወደ ልጄ ቤት ለአንድ ቀን እንኳ መሄድ አልቻልኩም። አልጎሪዝሙ ከግማሽ አላለፈም።

ቢሆንም መላ አላጣሁም። እያንዳንዱን ኪዩቢት ሁለቴ አዘጋጅቶ የሚለካ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ሁለቱ መልሶች ከተመሳሰሉ ይጥላቸውና እንደገና ይለካል፣ ከተለያዩ የመጀመሪያውን ይይዛል። በዚህ ማዘንበሉ ይጠፋል። ዓመቱ ሲያልቅ ስብሰባ ጠራሁ። «የተሻሻለ ዕጣ አዘጋጅቻለሁ» አልኩ።

«ዕጣው ምን ያደርጋል?» አሉ ሻምበል። «ታንከሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጠብ የለም። ከእርስዎ የተሻለ ሊቀመንበር ከየት እናመጣለን?»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ከራሴ የሚሻል ሰው ለማግኘት ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። አልነበረም። ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።