አፍ የምታሸተው ሲስተር

ሲስተር ስቶይካ በሽተኛ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው አፉን ማሽተት ነው። አበደ፣ ሰከረ፣ ተደባደበ የተባለ ሰው ዘንድ በተጠራን ቁጥር ጎንበስ ትልና አፍንጫዋን አፉ ሥር ትደቅናለች። የከተማው ሰው "አሽታቿ" ይላታል። እኔ ጸንኮ አሥራ ሰባት ዓመት አምቡላንሷን እየነዳሁ አብሬያት ዞሬያለሁ፤ የበሰበሰ ጥርሱንም፣ ያደረ ቢራውንም፣ ትውኪያውንም ስትምግ አይቻለሁ።

"አንቺ ሴት፣ አሁን እኮ ነው ምሳ የበላሁት!" እላታለሁ።

"ሸሚዝ ላይ የፈለገው ሊደፋበት ይችላል" ትለኛለች። "አፍ ግን የገባበትን ይናገራል።"

ስድሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀርቷታል። ባሏ ቲማቲም ሊለቅም ስፔን ሄዶ እዚያው ሌላ ሚስት አገባ። ስለሱ ሲያነሱባት "ይመቸው" ብላ የሱፍ ፍሬዋን መፈልፈል ትቀጥላለች። ጉልበቷ አብጧል፤ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ስንወጣ ትራገማለች፤ የምትራገመው ግን ደረጃውን እንጂ በሽተኛውን አይደለም። እኔ ሁለቱንም እራገማለሁ።

በፕሪም ለቀማ ሰሞን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ "አንድ ሰካራም አብዶ አካፋ ይዞ ሰው ሊፈጅ ነው" ተብሎ ከአንድ መንደር ተደወለልን። ስንደርስ ፖሊሱ ቀድሞናል። ኔድያልኮ የሚባል ጎረምሳ ጣሪያ ሠሪ የዶሮ ቤቱን አፈራርሶ ግቢው መሃል ቆሟል፤ አካፋውን በነፋስ ላይ ይወዘውዛል። ጎረቤቶቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ስልካቸውን ደቅነዋል። "ድገመው ኔድያልኮ! አውራ ዶሮው አመለጠህ!" ይላሉ፤ ይንከተከታሉ። ቱ! ሰው ናቸው እነዚህ? ያም ሆኖ ሰውየው ከሩቅ አረቄ ይሸታል። እኔም "ይሄማ የአረቄ በርሜል ነው፣ ይታሰር" ብያለሁ፤ አልክድም።

ስቶይካ ፖሊሱን "ወዲያ በልልኝ፣ ካቴናህን አታንቃጭል" አለችው። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ አለችና መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች።

"ኔድያልኮዬ፣ እግሬን አሞኛል፤ ና እዚህ ቁጭ እንበል። ዛሬ ስንት ሳጥን ለቀማችሁ?"

አካፋውን ዝቅ አድርጎ አያት። "ሰባት" አለ። "ሰባት ለቀምን፣ እማዬ።"

እናቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። አካፋውን ጥሎ አጠገቧ ተቀመጠ። አፉን አሸተተች፤ የባቄላ ሾርባ ነው። ደረቱን አሸተተች፤ አረቄ ነው።

"ማነው አረቄ የቀባው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሚስቱ ሚግለና። "ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ወዲያው ተነስቶ ሳቀ እኮ፣ ሲስተር! ምሳውንም በላ። አንገቱንና ደረቱን በአረቄ አሸሁለት።" ለትኩሳቱም፣ ለውልቃቱም፣ ለቁርጥማቱም እኛ ዘንድ ያው አረቄ ነው።

ስቶይካ ዐይኑን በባትሪ አየችው። የግራው ብሌን ከቀኙ ሰፍቷል። "ጭንቅላቱ ውስጥ እየደማ ነው" አለች። "ጸንኮ፣ ተነስ!"

የከተማችን ሆስፒታል ሲቲ ስካን የለውም። ያለው ሰባ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ትልቁ ከተማ ነው፤ አምቡላንስ ከወረዳው እንዲወጣ ደግሞ ተረኛው ሐኪም መፈረም አለበት። የዚያን ቀን ተረኛው ዶክተር ቫርባኖቭ ነበር። የዱባ ባኒጻ ቂጣውን እየበላ ከክፍሉ ብቅ አለ።

"እዚህ ድረስ ሸተተኝ" አለ። "ኮሪደሩ ላይ እሰሩት፤ ሲበርድለት እናየዋለን።"

"ዶክተር፣ አፉ አይሸትም። እባክዎ ብሌኑን ይዩልኝ።"

"አሁን ደግሞ ብሌን ማሽተት ጀመርሽ?" ብሎ ሳቀ። አብሮን የመጣው ፖሊስም ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል፤ አፈር ልብላ።

ስቶይካ የፖሊሱን የትንፋሽ መመርመሪያ ነጥቃ ኔድያልኮ አፍ ላይ አደረገችው። "የኔ ጌታ፣ ሻማ አጥፋልኝ፤ ኡፍ በል።" ነፋ። ዜሮ አሳየ። ለዶክተሩ አሳየችው።

"መሣሪያው ተበላሽቷል" አለ፣ ከጢሙ ላይ ፍርፋሪውን እያራገፈ። ገብቶም በሩን ዘጋ።

ወደ እኔ ዞረች። "እንሂድ።"

"ያለ ፊርማ?"

"ያለ ፊርማ።"

"ስቶይካ፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። አስፈርሚና አበረዋለሁ።"

"መንዳት ብችል አንተን እለምን ነበር?" አለችኝ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ወጣሁና ሲጋራ ለኮስኩ። እሷ ስትለምን፣ በር ስትደበድብ፣ ስትሳደብ ውጭ ድረስ ይሰማኛል። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ሦስት ሲጋራ ጨረስኩ።

ስመለስ ኔድያልኮ ጩኸቱን አቁሞ ያንኮራፋል። ዶክተሩ አንገቱን አሾልኮ "አየሽ? ሰከነልሽ" አላት፤ ደስ ብሎታል። ያ ደስታው እስከዛሬ ያስጠላኛል። ስቶይካ የዐይኑን ቆብ ገለጠች፤ ብሌኑ ዐይኑን ሞልቶታል፣ ባትሪው ሲበራበት ንቅንቅ አይልም። ወዲያው በተኛበት አስመለሰው። ቶሎ ብላ በጎኑ አስተኛችውና ትውኪያውን ከአፉ በጣቷ እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ወደ አምቡላንሷ ሮጥኩ።

ዶክተሩ ከኋላችን "ትጠየቁበታላችሁ!" እያለ ሲጮህ በሩን አልፈን ነበር። መንገዱ ደረቅ ነው፣ መኪና የለበትም፤ ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ ደረስን። ወዲያው ጭንቅላቱን ከፍተው ደሙን አወጡለት። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ፣ ከመንደር በጎረቤት መኪና በቀጥታ የደረሰችው ሚግለና ባለችበት ለስቶይካ "ይተርፋል" አላት። "ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ግን ይናገርም ነበር።"

በሳምንቱ ስቶይካ ያለ ፈቃድ ከወረዳ ወጥተሻል ተብሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ቫርባኖቭን የጠየቀው የለም። እኔንም አልነኩኝም፤ "ሹፌሩን ያስገደድኩት እኔ ነኝ" ብላ በገዛ እጇ ጽፋ ፈርማለች። ወረቀቱን ሳነብ ራሴን ተጸየፍኩት፤ ግን መልሼ አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ወር ሲያልፍ ሚግለና ባሏን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አምቡላንስ ጣቢያ መጣች። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ወድቋል። ስቶይካን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሽ ጸንኮ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ያ ግማሽ ሰዓት የት ጠፋ?"

ስቶይካ የሱፍ ፍሬዋን መፈልፈል አቆመች።

"መንገዱ ነው" አልኳት። "መንገዱ ተበላሽቶ ነው።"

ኔድያልኮ ዐይኑን ተክሎብኝ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ድምፅ እንጂ ቃል አልወጣውም። ሚግለና አመነችኝ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ጎንበስ አለችና እጄን ሳመች። እኔም አልነጠቅኳትም።