ከምድጃው የወጡት ዘንጎች

እናቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዳቦ ቤት አላት። እሳቱ ላይ የሚጋደመውን ፍርግርግ የሠራላት አባቴ ነው፣ አላህ ይዘንለትና። ዘንጎቹን ያገኘው ኮምቦልቻ ከፈረሰ አሮጌ ማሽን ሲሆን፣ ኒኬልና ክሮም የተቀላቀለባቸው፣ ሙቀት የሚችሉ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ በምድጃው አፍ አጮልቄ ሳያቸው ፍሙ ውስጥ ቀልተው የተንሳፈፉ ይመስሉኝ ነበር።

አምና ክረምት፣ ከምሠራበት የብረት መፈተሻ ክፍል እረፍት ወስጄ ስመጣ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ አገኘሁት። ውስጡ ፈርሶ ሊጠገን ነው። ዘንጎቹ መሀላቸው ላይ ወደ ታች ጎብጠዋል። እናቴ ጎረቤታችን ያሉትን ሽማግሌ በያጅ ጠራች። እሳቸውም አንዱን ዘንግ ሊያቃኑ በመዶሻ ቢመቱት እንደ ሸክላ ለሁለት ተሰበረ።

«ሲግል እየጎበጠ፣ ሲበርድ ይሰበራል እንዴ?» አሉ ስብራቱን አገላብጠው እያዩ።

እናቴ ቁራጩን አንስታ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው።

«አርጅቶ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «እሳቱ አላቀለጠውም። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ክሮሙ ቀስ እያለ በብረቱ ቅንጣቶች መሀል ተሰብስቦ ደረቅ ነገር ሆኗል። እሳት ላይ እያለ ይሸከማል፤ ሲበርድ መለጠጡን ያጣል።»

«መድኃኒት የለውም?» አለች እናቴ።

«ከለመደው ሙቀት በላይ ቢግል ደረቁ ነገር ተመልሶ ይሟሟል፤ ከዚያ ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። በኤሌክትሪክ ምድጃ አይቼዋለሁ፤ በከሰል ግን እንጃ።»

«እንሞክራ» አሉ በያጁ።

ጠዋት ነበር። ከሐይቁ የተነሳው ጉም መንገዱን ሞልቶት፣ የአምባሰል ተራሮች ጨርሶ አይታዩም፤ የባጃጅ ድምፅ እንኳ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል። በያጁ ደጅ ላይ የከሰል እሳት አቀጣጥለው፣ እናቴ ማራገቢያውን በእጇ ታዞራለች። የተሰበረው ዘንግ ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን መሰለ፣ ከዚያም ዓይን እስኪያጭበረብር ወደ ቢጫ አደላ። «አሁን!» አልኩ። ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሦስታችንንም ሸፈነን፤ ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንንም አላየም።

በያጁ ዘንጉን የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስረው፣ ጫፉን በረጅም ቱቦ ይዘው ሳቡት። ብረቱ ቀስ ብሎ ተከተላቸው፤ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም።

«እሺ አለ» አሉ በዝግታ።

እናቴ መዳፏን ጉብጠቱ ላይ አሳርፋ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ሌሎቹንም አንድ በአንድ አግለን፣ ውሃ ውስጥ ነክረን አቃናናቸው። አንዱ ብቻ በርሜሉ ውስጥ ተሰነጠቀ። የጎደለውን በተራ የግንባታ ብረት፣ በፌሮ ሞላነው፤ ፌሮ ቶሎ በእሳት እንደሚበላ ብናውቅም።

«ስንት ዓመት ያቆዩኛል?» አለች እናቴ፣ የምድጃው ውስጥ ተጠግኖ ዘንጎቹ በገቡበት ማታ።

«አላውቅም። እሳት ላይ እስካሉ እንደገና ማርጀታቸው አይቀርም።»

«ኢንሻአላህ ይበቁኛል» ብላ እንጨት ልትደረድር ገባች።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ዳቦ ለበያጁ ወሰድኩላቸው። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ ያያሉ። ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝና፣ እዚያው ቆመን በላን።