ዜማ የቀረለት አባቴ

ከሶዶ ልኳንዳ ቤት የበሬ ራስ በመጥረቢያ ሲፈለጥ ስሰማ ያ የልጅነቴ ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ይመጣብኛል።

በዚያ ክረምት አባቴ ቀኝ ጎኑ ዝሎ አንደበቱም ተይዞ ነበር። ታናሹ፣ አጎቴ፣ ለበዓሉ በታረደው በሬ ሥጋ ፊት፣ መራቂው በሚቀመጥበት በአባቴ ቦታ ሊቀመጥ ሄደና፣ "ወዛናው ሄዷል፣ ምን ብሎ ይመርቃል?" አለ። ወዛና በእኛ ቋንቋ ልብም ነው፣ አእምሮም ነው።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ጎረቤታችን ነበር። ከተፈለጠው የበሬ ራስ አንጎሉን አውጥቶ በእንሰት ቅጠል ላይ አኖረው።

"እዩ፣ ሁለት ወገን ነው። ግራው የቀኙን አካል ያዛል። በሰው ላይ ቃል የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከግራው ነው። የታመመበት እሱ ነው። ማስተዋሉ አለ።"

"ወዛናስ?" አለ አጎቴ።

"እሱማ ደም ይገፋል።"

"እንግዲያው ያንተም ሄዷል!" አለና አጎቴ ሳቀ።

ድሬሰሩ የጊፋታን ዘፈን ቀስ ብሎ ጀመረ። አባቴ ተቀበለው፤ አንድ ቃል እንኳ አልጎደለበትም።

"ዜማ በቀኙም በኩል ቤት አለው" አለ ድሬሰሩ።

አጎቴ ከቦታው ተነሣ። "ጋሼ፣ ይመርቁን" አለ። አባቴ ምርቃቱን በዚያው ዜማ ዘፈነልን።

ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ የአንጎልን ክፍሎች በየስማቸው አጠናሁ። ዛሬም ግን "ልብ በሉ" ስል እጄ ደረቴን ትቶ ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ይሄዳል፤ አባቴ ከነዜማው የተገኘው እዚያ ነውና።