ጸበሉ ሲፈተሽ

ድሬዳዋ ያለችው ልጄ ለቀዶ ሕክምና ከመግባቷ በፊት የመርጡለ ማርያምን ጸበል እንዳደርስላት ለመነችኝ። በትንሽ ፕላስቲክ ቀድቼ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩት። መጀመሪያ የተሳፈርኩበት ቦታ ፈታሾቹ የጥርስ ሳሙናዬን ወስደው ቅባቴንና ጸበሉን አሳለፉልኝ። አውሮፕላን ስቀይር ደግሞ ሌላው ፈታሽ ቅባቱን መለሰልኝና ጸበሉን ያዘ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጸበል ነው ልጄ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይጠጡልኝ።»

ላብ አጠመቀኝ። አውሮፕላን ውስጥ የሰጡኝን ዳቦ በልቻለሁ፤ እህል ቀምሶ ጸበል እንዴት ይጠጣል?

«አልችልም፣ በልቻለሁ» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«መርዝ ቢሆን ነዋ!» አለ ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ።

የድሬዳዋ ተሳፋሪዎች ግቡ ተባለ። እኔ እመቤቴን እየተማጸንኩ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

ይሄኔ አጠገቡ የቆመችው ፈታሽ፣ «እኔ እስካሁን እህል አልቀመስኩም፤ ልቅመስልዎት እማማ» ብላ አማተበችና ከፈተችው። አንድ ጉንጭ ጠጥታ ትመልስልኛለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ፣ ጨልጣ ጨረሰችው።

«እውነትም ጸበል ነው» አለች፣ ባዶውን ፕላስቲክ እየሰጠችኝ። «ይለፉ እናቴ።»