ወደ መስታወቱ የዞረ ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ገና ሲከፈት አንድ ሰውዬ ይመጣል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው፤ አካሄዱም ለሹመት የተጠራ ሰው ያስመስለዋል። አፍንጫው ግን መሃሉ ላይ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ጎድጉዷል። የውስጥ ግድግዳውም ስለተበሳ ሲተነፍስ ያፏጫል። ወረፋ የምንጠብቀው ሰዎች ዓይናችንን የምናሳርፍበት ሲጠፋን፣ እሱ ይስቅብናል።

«ፉጨቱ የኔ ነው፤ ዘፈን ምረጡ እንጂ አትፍሩ!»

ከኪሱ ትንሽ የጨው ውሃ ጠርሙስ አውጥቶ አፍንጫው ውስጥ ጠብ ያደርጋል፤ በመሀረብ ይጠርግና መሀረቡን አራት አጥፎ ይመልሳል። አፍንጫውን እንዲህ ያደረገው ኮኬይን ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ ሳይደብቅ ይናገራል። ሐኪሙ አፍንጫውን የሚሠራለት ዓመት ሙሉ ኮኬይን ሳይነካ ከቆየ ብቻ ነው። ዘጠኝ ወር ሞልቶታል።

ፀጉር አስተካካዩ ደግ ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ እንዳይሳቀቅ ብሎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረለት። ሰውየው ወለሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

«ወንድሜ፣ ልብህን አውቀዋለሁ፤ ግን ተወኝ። መስታወት አጋድሜ፣ ዱቄቱን ላዩ ላይ ዘርግቼ፣ አስር ዓመት አጎንብሼበታለሁ። አንድም ቀን ራሴን አላየሁበትም። አሁን ቀና ብዬ ልየው።»

ከዚያ አገጩን አነሳ።

«በል፣ ሪዙን አሳምርልኝ፤ ከሦስት ወር በኋላ ከላዩ ፎቅ ላይ አዲስ ጎረቤት ይገባለታል።»