ቃሊ የጠቆረውን ስክሪን ያስነሳች ዕለት

ቃሊን የማውቃት ከድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ነው። እሷ እጅጌ ስትገጥም እኔ ኮሌታ እሰፋ ነበር። ፋብሪካው ሲቀንሰን እኔ ለገሃሬ ትንሽ ስፌት ቤት ከፈትኩ፤ እሷ ደግሞ አርባ ዓመቷን ልትደፍን ስትል ኮምፒውተር ልማር ብላ ተነሳች። «አብደሻል» አልኳት። ልቧ ካላት ግን ማን ይመልሳታል?

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታ እሱን ታቅፋ ከረመች። በመጨረሻ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች የት እንደደረሱ በካርታ የሚያሳይ ነገር ሠራች። የከባድ መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሰብሳቢው ዓብዱልአዚዝ ወሬውን ሰምቶ «ልየውና ከሠራ ተቀጥረሽ መኪኖቹን አንቺ ትከታተያለሽ» አላት። ካልሆነ ጅቡቲ ያለችው አክስቷ ያገኘችላት የሰው ቤት ሥራ ይጠብቃታል፤ ልጇ ዱኒያ እኔ ጋ ትቀራለች። ቃሊ ይህን ማውራት አትወድም ነበር። እኔም ወሬውን መስማት አልወድም ነበር።

ቀጠሮው አስር ሰዓት፣ እኔው ስፌት ቤት ነበር። በድሬ ቀትር ላይ ማን ይሠራል? ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው ጥላ ይፈልጋል። እኛ ግን ከቀጠሮው ቀድመን፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ቬንትሌተሩን ወደ ላፕቶፑ አዙረን ተቀመጥን። ቃሊ አንዴ ልሞክረው ብላ ከፈተችው። ጥቁር! ዘግታ ከፈተችው። አሁንም ድፍን ጥቁር።

«ምነው፣ ኮምፒውተሩ በርቶ የለ እንዴ?» አልኩ።

«ላፕቶፑማ በርቷል አቦ! የጠቆረው ውስጡ ያለው ሊኑክስ ነው።»

ነገሩን ቀደም ብላ አስረድታኛለች። ሊኑክሱ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ በሰው ግቢ ሰርቪስ ቤት እንደተከራየ ሰው። ባለቤቱ ከራሱ መብራትና ውሃ ቆንጥሮ ይሰጠዋል። ቃሊ የለፋችበት ሁሉ ያለው እዚያ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው።

ጥገና ቤት ያለው ኑሪ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠን የድሬ ሰው ማን ያስነሳዋል? ደሜ ፈላ። «በይ ምቺው!» አልኳት። ፋብሪካ ሳለን እምቢ ያለ ማሽን በጡጫ ነበር የምናስነሳው።

«ሽታዬ፣ ወላሂ ዝም በይ፤ ላስብበት።»

ምላሴን ልይዝ ብዬ የተረፈ ክር መልቀም ጀመርኩ። ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ቃሊ ጥቁሩን ትታ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ምልክት ታይ ነበር። ዲስኩ ሲሠራ የምትበራ ምልክት ናት፤ ብልጭ ብልጭ ትላለች። «አልሞተም» አለች። «እየተነሳ ነው፤ መታየት ነው ያቃተው።» እንደገና አስነሳችውና ገና ሲጀምር አንድ ቁልፍ ተጭና የመነሻ ትእዛዙን አወጣች። እዚያ ላይ አንዲት ቃል ጨመረች፤ «ጌጡን ተወውና በተራው ስክሪን ተነሳ» እንደማለት ነው አለችኝ። ተነሳ! ፊደሉ ገዘፍ ገዘፍ ብሎ፣ መልኩ ወየብ ብሎ፣ ግን የሚታይ። ካርታው ግን እየተንቀረፈፈ ለሰው የሚያሳዩት አይደለም። ቢሆንም ሥራዋ እንዳልጠፋ አየች፤ ጥፋቱ ስክሪኑ ጋ ነው።

ያን ጊዜ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ትናንት ላፕቶፑ በሙቀት እንደ ወፍጮ ሲጮህባት፣ ይቀዝቅዝ ብላ ለሊኑክሱ የተመደበውን የስክሪን ሜሞሪ እስከ ታች አውርዳው ኖሯል። የድሬ ሰው ነገር! እኛ ሙቀት ሲመጣ የማንቀንሰው ነገር የለም። ሊኑክሱን ዘጋች፣ ሴቲንጉን ከፍታ ሜሞሪውን ወደ ላይ ጎተተች፣ «ቢስሚላሂ» ብላ አስነሳችው። ካርታው ከነቀለሙ ወጣ፤ አንዱ መኪና ጅቡቲ ድንበር ደወሌ፣ አንዱ እዚሁ አጠገባችን መልካ ጀብዱ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ዓብዱልአዚዝ ከበርጫው ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ መጣ። ጎንበስ ብሎ መኪኖቹን አንድ በአንድ አየና ራሱን በደስታ ነቀነቀ። ምላሴ ግን መች ያርፋል! «ቅድም እኮ ጠቁሮ ልባችንን ሊያቆመው ነበር!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሊ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

«ጠቁሮ ነበር?» አለ ሰውየው ቀና ብሎ። «እንግዲያው አጥፊውና እኔ እያየሁ አስነሺው።»

አጠፋችው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቃሊ ግን ቁልፉን ተጭና ክንዷን አጣምራ ተቀመጠች። ካርታው ብቅ ሲል እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ከቀትር እንቅልፉ ያልነቃ ጎረቤት ካለ ያን ጊዜ ነቅቷል።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«እኔው ነኝ ያበላሸሁት» አለችውና ከሙቀቱ ጀምራ ሳትደብቅ ነገረችው።

ከት ብሎ ሳቀ። «ስሚ ቃሊ፣ መኪና ተበላሽቶበት የማያውቅ ሹፌር አላየሁም። እኔ የምፈልገው በረሃ ላይ ቆሞበት አስነስቶት የሚገባውን ነው። ነገ ነይና ጀምሪ።»

እሱ ሲወጣ እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ስልኳን አነሳች። ሶማሊኛው ለእኔም አይጠፋኝም።

«ኤዶ» አለች አክስቷን፣ «የቤቱ ሰዎች ሌላ ሠራተኛ ይፈልጉ። እኔ ልጄን አሳድጋለሁ።»